ቀድሞ የሚመራው በር ነው

ዐውደ ርእይ እንዳሰናዳ ስጠራ ከቅርሶቹ ዝርዝር በፊት የምጠይቀው የሕንፃውን ፕላን ነው። መግቢያው በየት በኩል ነው? የመጀመሪያው ክፍል ስንት መውጫ አለው? ደረጃው ከበሩ ላይ ሆነው ሲያዩት ይታያል? ጎብኚው የመግለጫ ጽሑፍ ዘንድ ከመድረሱ በፊት እግሩ በበርና በግድግዳ ተመርቷል።

አሜሪካዊው የሥነ ልቡና ተመራማሪ አርተር ሜልተን ይህን እ.ኤ.አ. በ1935 ባሳተመው ጥናት አሳይቷል። ሰዎች ወደ አዳራሽ ሲገቡ በብዛት ወደ ቀኝ ይታጠፋሉ፤ መውጫ በር ሲያገኙም ዙሩን ሳይጨርሱ በዚያው ይወጣሉ። በግራ በኩል የተሰቀለ ሥዕል ተመልካች ሲያጣ ሥዕሉን ከመጠራጠር በፊት በሩን ማየት ይገባል።

ፍራንክ ሎይድ ራይት ኒውዮርክ ውስጥ በሠራው ጉገንሃይም ሙዚየም ይህን ጣጣ ከሥሩ ሊነቅለው ሞከረ። እ.ኤ.አ. በ1959 በተከፈተው በዚህ ሕንፃ ጎብኚው በሊፍት ላይ ወጥቶ እየዞረ በሚወርድ አንድ መንገድ እንዲመለስ ነበር ሐሳቡ። ሕንፃው ውብ ነው፤ ማንም አይጠፋበትም። ነገር ግን የወለሉ ማዘንበልና የግድግዳው መጉበጥ ለሥዕል አይመችም ብለው ሠዓሊዎች ገና ሳይከፈት ተቃውመውት ነበር። ዛሬ በዚያ የሚታዩ ብዙ ዐውደ ርእዮች ከታች ጀምረው ወደ ላይ ይወጣሉ። ነጠላ መንገድ ለጎብኚው የሚተውለት ምርጫ እጅግ ትንሽ ስለሆነ እኔ በበኩሌ አልመርጠውም።

አብልጦ የሚያስተምረኝ ስድስት ኪሎ የሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ነው። ሕንፃው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር። ቤተ መንግሥት ደግሞ ሰውን እያጣራ የሚያስገባ ቤት ነው፦ ባለጉዳይ እስከዚህ፣ ባለሟል ከዚያ አለፍ ብሎ፣ ወደ መኝታ ቤት የቅርብ ሰው ብቻ። ከቅኔ ማኅሌት ወደ ቅድስት፣ ከቅድስት ወደ መቅደስ እያለ በሚጠብቅ ሥርዓት ላደገ ሰው ይህ አዲስ አይደለም። ለዚህም ይመስለኛል፣ ብዙ ጎብኚ ማንም ሳይከለክለው የንጉሠ ነገሥቱ መኝታ ክፍል ደጃፍ ላይ ሲደርስ ቆም የሚለው። በትኬት የገባ ተማሪ ባለጉዳይ ከማይደርስበት ክፍል ሲደርስ ቤቱ የተሠራበት ዓላማ ተገልብጧል። ይህን ለጎብኚው የሚነግረው የክፍሎቹ ቅደም ተከተል ራሱ ነው።

የባህል ዕቃዎቹን ያደራጁት ባለሙያዎች የወሰኑትም ከልብ የማደንቀው ነው። ለእያንዳንዱ ብሔረሰብ ክፍል ከመስጠት ይልቅ ዕቃዎቹን በሰው ልጅ የሕይወት ጉዞ ደረደሯቸው፦ ልጅነት፣ ጉልምስና፣ ሞትና ከሞት በኋላ ያለው። በብሔረሰብ ቢከፋፈሉ ኖሮ ሁሉም የራሱን ክፍል ፈልጎ፣ አይቶ በወጣ ነበር። አሁን ግን የራሱን ለማግኘት በሌላው ልጅነትና በሌላው ለቅሶ በኩል ማለፍ አለበት። ክፍል ከክፍል የሚያያዝ አሮጌ ቤት ለእንዲህ ያለ ታሪክ ይመቻል።

በኢትዮጵያ ብሔራዊ ሙዚየም ደግሞ ድንቅነሽ (ሉሲ) ለጎብኚ የምትታየው ምድር ቤት ነው። ብዙ ጎብኚ ስሟን እየጠራ ስለሚገባ በቀጥታ ወደ ታች ይወርዳል። ላይኛው ፎቅ ላይ ያሉት ሥዕሎችና የባህል ዕቃዎች የሚደርሳቸው የደከመ እግር ነው። የሙዚየም ድካም እ.ኤ.አ. ከ1916 ጀምሮ በስሙ የሚጠራ ችግር ነው፤ ዝነኛ ቅርስ የት ይቀመጥ የሚለውን ስንወስን የሌሎቹንም ዕጣ እየወሰንን ነው።

ስለዚህ ወለል ላይ ቀስት መለጠፍ የመጨረሻ መፍትሔዬ ነው። በመጀመሪያ የማስቀምጠው አግዳሚ ወንበር ነው፤ የተቀመጠ ሰው በሚቀጥለው በር በኩል አንድ የሚያጓጓ ዕቃ አሻግሮ እንዲያይ አድርጌ። ከየሁለት ሦስት ክፍሉ በኋላም ጎን በር ክፍት እንዲሆን እከራከራለሁ። የጥበቃ ክፍሉ አይወደውም፤ የደከመ አዛውንት ወይም ልጅ የያዘች እናት ግን ያለዚያ በር ሙሉውን ዙር ለመጨረስ ይገደዳሉ።