የፊታውራሪ መሸሻ ክብር፦ ክፉ ገጸ ባሕርይና ጨዋነት በጎጃም ልብ ወለድ

በድረ ገጽ የሚወጡ ሥዕላዊ ታሪኮችን የሚከታተል አንባቢ አንድ ዓይነት ክፉ ሰው ደጋግሞ ይገጥመዋል፤ መንደር ያቃጥላል፣ ከክፋቱ በስተጀርባ ግን የተደበቀ ጨዋነት አለው። አሜሪካዊው ሪች በርሉ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ በሚያወጣው «ዘ ኦርደር ኦፍ ዘ ስቲክ» ውስጥ ያለው ሬድክሎክ አንዱ ማሳያ ነው። ጭካኔው መነሻ አለው፤ የወገኖቹ የጎብሊኖች መገፋትና መጨፍጨፍ። ደራሲው ይህን የሚገልጠው ቀስ እያለ ስለሆነ አንባቢ ለጠላው ሰው ውሎ አድሮ ሊራራለት ይገደዳል። በአማርኛ ልብ ወለድ እንዲህ ያለው ሰው እንግዳ አይደለም። የተሠራበት መንገድ ግን ተገላቢጦሽ ነው፦ ክብሩ አደባባይ የወጣ ነው፣ ክፋቱም የሚመነጨው ከዚያው ክብር ነው።

የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» (1958 ዓ.ም.) በቡሬና በፍኖተ ሰላም መካከል ካለችው ማንኩሳ ተነሥቶ ዲማ ጊዮርጊስ ይዘልቃል። የዲማው ጌታ ፊታውራሪ መሸሻ ልጃቸውን ሰብለ ወንጌልን የጠየቀውን ሁሉ «ዘሩ አይመጥነንም» በሚል ሚዛን እየመለሱ ዕድሜዋን አሳልፈውባታል። ስለሚጠሏት አይደለም፤ ራሳቸውንም የሚለኩበት ሚዛን ያው ነው። ገበሬዎቹ ከልማድ ውጭ ነው ያሉትን አንሰጥም ሲሉ ደግሞ ነገሩ ለፊታውራሪው የግብር ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ የመደፈር ጉዳይ ሆነ፤ ስለዚህ ዘመቱ። ስስት ብቻ ቢሆን ኖሮ ይደራደሩ ነበር። ሆዳም ግማሹን ይዞ ይታረቃል፤ ክብሩ ተነካ ባይ ግን ግማሽ አያውቅም። በዚህ የተነሣ እኒህን ሰው «ከክፋታቸው በስተጀርባ ጨዋነት አለ» ብሎ መከላከል ከንቱ ድካም ይመስለኛል። ጨዋነታቸውን ከላያቸው ብናነሣው ክፋታቸውም አብሮ ይሄዳል።

ድብቅ ጨዋነት ያለው «ወንጀለኛ» ከተፈለገ በወዲያኛው ወገን የቆመው የገበሬዎቹ መሪ አበጀ በለው ይቀርባል። በሥርዓቱ ዓይን አመፀኛ ነው፤ ጌታውን ይማርካል፣ አይገድልም። የታሪክ ምሁሩ ኤሪክ ሆብስባውም እ.ኤ.አ. በ1969 ስለ ሽፍቶች ባሳተመው መጽሐፍ ሕዝብ የሚወደው ሽፍታ አዲስ ዓለም ከመፍጠር ይልቅ የቆየው ልማድ እንዲከበር የሚታገል መሆኑን አስተውሏል። አበጀና ገበሬዎቹም ጌትነት ይጥፋ አላሉም፤ ጌታው ከልኩ አይለፍ ነው ያሉት። እንግዲህ ሁለቱም ተፋላሚዎች የሚምሉት በአባቶች ደንብ ነው፤ የሚለያዩት ደንቡ ማንን ይጠብቃል በሚለው ላይ ነው።

ይህ የመጽሐፍ ጨዋታ ብቻ እንዳልነበረ በደጋ ዳሞቷ ፈረስ ቤት አካባቢ ላደገ ሰው ማስረዳት አያሻም። ልብ ወለዱ በወጣ በሁለት ዓመቱ፣ በ1960 ዓ.ም.፣ በአዲሱ የእርሻ ገቢ ግብር ምክንያት በጎጃም ሞጣ፣ ቢቸናና ደጋ ዳሞት ተነሡ። ገበሬው የፈራው ከገንዘቡ ይልቅ መሬቱ ተለክቶ ርስቱ እንዳይነካ ነበር። መንግሥት ጦር ላከ፣ መንደሮች ከአየር ተደበደቡ፤ በመጨረሻ ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ከቦታቸው ተነሡ። መጽሐፉ አመፁን ቀሰቀሰ ማለቴ አይደለም። ሐዲስ የአገራቸውን ሰው ቁጣ ከየት እንደሚነሣ ቀድመው ማየታቸውን ግን ይመሰክራል።

በገጸ ባሕርይ አሣሣል ረገድ የደራሲው ድካም ያለው ጉዱ ካሣ ላይ ነው። የፊታውራሪው ዘመድ የሆነው ይህ ሰው የሥርዓቱን ግፍ ቁልጭ አድርጎ ይናገራል፤ አንዳንዴም ከሚገባው በላይ፣ አንባቢ ራሱ ሊደርስበት የሚችለውን ቀድሞ እየነገረው። ፊታውራሪው ግን ስለ ራሳቸው ምንም አያስረዱም፤ ይፎክራሉ፣ ይቆጣሉ፣ ዘር ይቆጥራሉ። እውነቱን የሚናገረው ሰው ከተሳሳተው ሰው ይልቅ ሕይወት አንሶት መገኘቱ ትልቅ ምፀት ነው።

እንደ ማርቬሉ ዶክተር ዱም ያለ ቃሉን የሚያከብር ክፉ ሰው ግርማው ከተደፈረ ያልቅለታል፤ ስለዚህ ሠዓሊዎቹ ይጠነቀቁለታል። ሐዲስ ለፊታውራሪያቸው እንዲህ አልተጠነቀቁም። ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ ልብ ወለዱን በሬዲዮ ሲተርከው ፊታውራሪው በቁጣቸው መካከል የሚያስቁ ሰው መሆናቸው በጆሮ ጭምር ተሰማ። አድማጭ እየሳቀባቸው ሳለ ግን ያው የሚያስቀው ክብር ሥራውን አላቆመም፤ ሰብለ ወንጌል የመነኩሴ ልብስ ለብሳ የምትወደውን በዛብህን ፍለጋ ከአባቷ ቤት የወጣችው በእሱ ምክንያት ነው።