ቴአትር ለተዋናዩ ምን ይሠራለታል?

ስለ ቴአትር በምንጽፍበት ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ የምንመዝነው ደራሲውን ወይም ተመልካቹን ነው። ድርሰቱ ምን ያህል የሰመረ ነው? ተመልካቹስ ምን ትምህርት አገኘ? እያልን እንጠይቃለን። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን በሁለቱ መካከል ቆሞ ላቡን የሚያፈሰው ተዋናይ ከመድረኩ ሲወርድ ምን ዓይነት ሰው ሆኖ ይወርዳል? ብሎ የሚጠይቅ ሐያሲ እምብዛም አላጋጠመንም። በዚህ ጽሑፋችን ስለዚሁ ነገር ጥቂት ለማለት አስበናል።

በአገራችን የተማሪው መድረክ ከቴአትር ቤቱ ይቀድማል። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ1910ዎቹ ዓ.ም. «የአውሬዎች ኮሜዲያ»ን ካቀረቡ በኋላ፣ የቅኔው ሊቅ ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ ተማሪዎቻቸውን እያሠለጠኑ ለመድረክ አብቅተዋል። የሀገር ፍቅር ማኅበር የተቋቋመው በ1927 ዓ.ም.፣ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የሚባለውም ቤት የተከፈተው በ1948 ዓ.ም. ነው።

ይህ መድረክ የሰውን ሕይወት እንዴት እንደሚቀርጽ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በኦሮምኛና በአማርኛ መካከል ያደጉት ጸጋዬ ገብረ መድኅን፣ ገና በአምቦ ተማሪ ሳሉ የጻፉት ተውኔት በንጉሠ ነገሥቱ ፊት ታይቶላቸዋል፤ ያ ልጅ በኋላ ኦቴሎንና ሐምሌትን ወደ አማርኛ መለሰ። ወንዶች የሴት ልብስ ለብሰው የሴትን ክፍል ይጫወቱበት በነበረው መድረክ ላይም፣ በ1940ዎቹ ዓ.ም. አስናቀች ወርቁ ሴት ሆነው ሴትን ለመጫወት ወጡ። ተዋናይ በንቀት ዓይን ይታይ በነበረበት በዚያ ዘመን፣ እንዲህ ያለው እርምጃ ተዋናይቱን ብቻ ሳይሆን ከእርሷ በኋላ የሚመጡትንም የሚለውጥ ነበር።

ይህን ማስታወሳችን ለታሪክ ያህል ብቻ አይደለም። ከሐላባ ወደ ወላይታ ሶዶ በሚወስደው ጎዳና ላይ በምትገኘው በሾኔ፣ እንዲሁም በሆሳዕናና በዱራሜ፣ ወጣቱ ቴአትርን የሚያውቀው በአብዛኛው በትምህርት ቤቱ ክበብና በወላጆች ቀን በዓል ነው። እንዲህ ባለው መድረክ የሚቀርበው ተውኔት ግን ብዙ ጊዜ ስብከት ይሆንብናል።

ምሳሌ እንስጥ። ከሐዲያና ከከምባታ ምድር ብዙ ወጣቶች ወደ ደቡብ አፍሪካ መሰደዳቸው የታወቀ ነው። ስለዚህ ነገር ተውኔት ይዘጋጅ ቢባል፣ ደላላው ገና ሲገባ ክፉነቱ ይታወቃል፤ ልጁ ይሄዳል፤ መከራ ያገኘዋል፤ በመጨረሻም አንዱ ወደ ፊት ወጥቶ ምክር ይለግሳል። ይህን የተጫወተ ተማሪ ቃል ከመሸምደድ በቀር ምን አተረፈ? ደላላው ሰውን የሚያሳምነው አንደበቱ ጣፋጭ ስለ ሆነ ነው፤ አባትም በሬውን የሚሸጠው ልጁን ጠልቶ አይደለም። በልቡ ስደትን የሚያስብ ተማሪ የአባትዮውን ክፍል ቢጫወት፣ የበሬውን ዋጋ ሲቆጥር እጁ ለምን እንደሚንቀጠቀጥ ራሱ መርምሮ ማግኘት አለበት። ይህን ምርመራ መምህሩ ሊሠራለት አይችልም። በቤቱ ሐዲይኛ የሚናገር ከሆነም፣ የአባትዮውን ቃል አንድ ጊዜ በዚያው ቋንቋ ይሞክረው፤ ያን ጊዜ የሚናገረው ቃል የገዛ አባቱ ድምፅ ይሆንበታል። ምናልባት ከመሄድ አይመለስ ይሆናል፤ ነገር ግን የሚወስነው የአባቱን ልብ አውቆ ነው።

በርግጥ መድረክ ሁሉን ሰው ያሻሽላል አንልም። ጭብጨባ ለምዶ ከንቱ ውዳሴን ብቻ የሚፈልግ፣ የጓደኛውንም ክፍል የሚንቅ ተዋናይ አለ። ይህም የሚሆነው ተዋናዩ በመድረክ ላይ ራሱን ብቻ ሲያሳይ ነው። ሌላውን ሰው ለመሆን የደከመ ግን፣ በኋላ ዳኛ ቢሆን ከሳሽንም ተከሳሽንም፣ መምህር ቢሆን ሰነፉንም ተማሪ መስማት አይከብደውም።

ስለዚህ መምህራን የክፍል ድልድሉን እንደገና ያስቡበት ዘንድ እናሳስባለን። ትጉሁን ተማሪ ሁልጊዜ መካሪ፣ ረባሹን ሁልጊዜ ሌባ ማድረግ፣ ሁለቱንም በነበሩበት ማስቀረት ነው። የትምህርት ሹማምንትም የተውኔቱን ርእስ ብቻ ሳይሆን የልምምዱን ጊዜ ይጨምሩ፤ ተማሪው የሚለወጠው በበዓሉ ዕለት ሳይሆን ከዚያ በፊት በነበሩት የልምምድ ቀናት ነውና።