ድምፅና ንባብ፦ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በበይነ መረብና በክፍል ስለ ማስተማር

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲዎች በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ከተዘጉ ወዲህ፣ የልብ ወለድ ኮርስን ከፊሉን በበይነ መረብ ከፊሉን በክፍል ለመስጠት የተነደፉ መርሐ ግብሮችን ተመልክቻለሁ። ብዙዎቹ የመምህሩን ማስታወሻ ወደ ቴሌግራም ከማሻገር አላለፉም። ይህ የማስታወሻውን ቦታ እንጂ የትምህርቱን ባሕርይ አይለውጥም።

በእኔ እምነት ክፍፍሉ መነሣት ያለበት ከድርሰቱ ነው። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» እንውሰድ። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ የተረከው ቅጂ ዛሬ በስልክ ስለሚገኝ፣ መጽሐፉን በቅጂው የሚተኩ መምህራን አሉ። ነገር ግን ወጋየሁ አንባቢ ብቻ ሳይሆን ተርጓሚም ነው። ፊታውራሪ መሸሻ በባላገሮቻቸው ላይ ሲዘምቱ ተራኪው ያሾፍባቸዋል ወይስ ያዝንላቸዋል? ጽሑፉ ለሁለቱም ቦታ ይሰጣል፤ ድምፁ ግን አንዱን ይመርጣል። አስቀድሞ የሰማ ተማሪ የተዋናዩን ምርጫ የደራሲው አድርጎ ይቀበለዋል።

ስለዚህ በእኔ ኮርስ ተማሪው ምዕራፉን መጀመሪያ ብቻውን ያነባል፤ ፍርዱን በሁለት ዐረፍተ ነገር ጽፎ በበይነ መረብ ይልካል፤ ቅጂውን የሚያዳምጠው ከዚያ በኋላ ነው። (ቀድሞ የሚያዳምጥ አይጠፋም፤ ጽሑፉ ግን ያስታውቅበታል።) በቅኔ ቤትም ተማሪው ቅኔውን ብቻውን ቆጥሮ ነው ወደ መምህሩ የሚቀርበው።

ክፍል ውስጥ አንዱን አንቀጽ ሁለት ተማሪዎች በሁለት ዓይነት ድምፅ ያነቡታል፤ ክርክሩም የትኛውን ንባብ የትኛው ቃል ይደግፈዋል በሚለው ላይ ይሆናል። ይህን በቴሌግራም ማካሄድ አይቻልም፤ ሳቁ የትኛው ቃል ላይ እንደ ተነሣ መስማት ያስፈልጋልና።