ሰማንያው ሲቀደድ ዝርዝሩ የት ነው?

በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው ስለ አንቀጽ 39 ሲከራከሩ ሳይሰማ አላደገም። አንዱ የመገንጠል መብት አገር ያፈርሳል ይላል። ሌላው መውጫ በር የሌለው ቤት እስር ቤት ነው ብሎ ይመልሳል። ቀጥሎ ኤርትራ ትነሳለች፣ ከኤርትራ ወደ አሰብ ይኬዳል፣ ከአሰብ ወደ ስድብ። ሁለቱም ወገን ጎበዝ ተናጋሪ አለው። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሁለቱም «ይሁን» ወይም «አይሁን» ካሉ በኋላ ዝም ማለታቸው ነው።

ያደግኩት አንበሳሜ ነው። በእኛ አገር ባልና ሚስት በሰማንያ ሲጋቡ ማን ምን ይዞ እንደመጣ ይነገራል፣ ይጻፋል። ልፋታ ሲባል ደግሞ ሽማግሌ ይቀመጣል። መጀመሪያ ለማስታረቅ ይለምናሉ። እምቢ ከተባለ ወደ ዝርዝሩ ይገባሉ፦ በሬው ለማን፣ ጎተራው ውስጥ ያለው ጤፍ ስንት ቁና፣ የቆርቆሮ ቤቱ፣ ያልተከፈለው የማዳበሪያ ብድር፣ ልጆቹ ከማን ጋር ይደሩ። አሰልቺ ነው፤ ቀን ይፈጃል። ሰማንያው የሚቀደደው ግን ይሄ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። ፖለቲከኞቻችን «ፍቺ» የሚለውን ቃል ከዚህ ባህል ወስደውታል፤ ዝርዝሩን ግን እዚያው ትተውታል።

የራሳችንን ታሪክ እንይ። ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን የተሳሰረችው መስከረም 5 ቀን 1945 ነው፤ መነሻው የተባበሩት መንግሥታት ውሳኔ ቁጥር 390 ነበር። ሰነዱ መከላከያን፣ የውጭ ጉዳይን፣ ገንዘብን፣ የውጭ ንግድንና ወደብን ለፌዴራሉ፣ ቀሪውን የውስጥ አስተዳደር ለኤርትራ ሰጠ። እንዴት እንደሚጋቡ በደንብ ተጽፏል። ነገር ከተበላሸ እንዴት እንደሚፈታ ግን የሚናገር አንቀጽ አልነበረውም። ኅዳር 5 ቀን 1955 ፌዴሬሽኑ ፈርሶ ኤርትራ ጠቅላይ ግዛት ተባለች። ጦርነቱም ሰላሳ ዓመት ፈጀ።

ሚያዝያ 15፣ 16 እና 17 ቀን 1985 ሕዝበ ውሳኔ ተደረገ። የቀረበው ጥያቄ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ሐሳቡም ኤርትራ ነፃና ሉዓላዊ አገር እንድትሆን ትፈልጋለህ ወይ የሚል ነበር። 99.8 በመቶ «አዎ» አለ። ይህን ዓረፍተ ነገር እንደ ጽሑፍ ካነበብነው ንጹሕና ኃይለኛ ነው፤ ከሰላሳ ዓመት ደም በኋላ ሌላ መልስ መጠበቅም የዋህነት ነበር። ግን ስንት ነገር ዘሎ እንደሄደ ተመልከቱ። ገንዘቡ የማን ይሆናል? ድንበሩ በየት በኩል ያልፋል? አዲስ አበባ ተወልዶ፣ አግብቶ፣ ሱቅ ከፍቶ የሚኖረው ሰው «አዎ» ሲል ምን ፈረመ?

የመጨረሻው ጥያቄ ቀልድ አይደለም። ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ከ57 ሺህ በላይ ሰው ድምፅ ሰጥቷል። ለመምረጥ ኤርትራዊ ዜግነትን የሚያረጋግጥ መታወቂያ ያስፈልግ ነበር። አምስት ዓመት ቆይቶ ጦርነት ሲመጣ ያ ምዝገባ ማስረጃ ሆነ፤ «የሌላ አገር ዜግነት መርጣችኋል» ተብለው በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከኢትዮጵያ ተባረሩ። ከኤርትራም እንዲሁ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ንብረታቸውን ጥለው ወጡ። በኋላ ጉዳዩን ያየው የካሳ ኮሚሽን እነዚያ መራጮች የሁለቱም አገር ዜግነት እንደነበራቸው ወሰነ፤ የሁለቱንም መንግሥታት ጥፋት መዘገበ። ውሳኔው የወጣው ግን በ1997 ነው፤ ሰዉ ከተበተነ በኋላ።

እኔ ዴቨሎፐር ነኝ። በሥራችን ለአንድ ዓላማ የሰበሰብከውን ዳታ ሌላ ጊዜ ለሌላ ዓላማ አውጥተህ ስትጠቀምበት ሰው እንደሚጎዳ እናውቃለን፤ ለዚህ ነው ከመሰብሰቡ በፊት ለምን እንደሆነ ጻፉ የምንባለው። እዚህ ላይ ያልተጻፈው አንድ መስመር የቤተሰብ ጠረጴዛ ለሁለት ከፈለ።

ገንዘቡም እንዲሁ ነው። ከነፃነት በኋላ ኤርትራ አራት ዓመት ያህል በብር ስትገበያይ ቆየች። በ1990 መጀመሪያ ናቅፋ ወጣ። አሥመራ ሁለቱ ገንዘቦች እኩል ይመንዘሩ አለች፤ አዲስ አበባ ከአነስተኛ የድንበር ንግድ በስተቀር ግብይቱ በዶላር፣ በባንክ በኩል ይሁን አለች። በዚያው ዓመት ግንቦት ባድመ ላይ ተኩስ ተከፈተ። ጦርነቱን ገንዘብ ብቻ አመጣው አልልም። ግን አብሮ መቀመጥና መነጋገር የሚጠይቅ ነገር ሁሉ ለወንድማማችነት ስሜት ተትቶ ነበር፤ ስሜቱ ሲሟጠጥ የሚያዝ ወረቀት አልተገኘም። አሰብም ተዘጋ። ዛሬ አንበሳሜ ያለ ገበሬ ክረምት ሲገባ የሚጠብቀው ማዳበሪያ በጅቡቲ በኩል ዞሮ ነው የሚመጣው። ስለ ወደብ በስሜት የሚናገር ሁሉ ይህን ገበሬ ይጠራል፤ የማጓጓዣውን ሂሳብ ቁጭ ብሎ የሚያሰላለት ግን ጥቂት ነው።

ሥነ ጽሑፋችን ከክርክራችን ይሻል ይሆን? የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ሁልጊዜ ይጠቀሳል፤ በዚህ ጉዳይ ብዙ ጊዜ የሚነበበውም እንደ ሙሾ ነው። እኔ ሌላ ነገር ይታየኛል። ጸጋዬ ኃይለማርያም የቀይ ኮከብ ዘመቻ የፕሮፓጋንዳ ሰው ነው፤ እንጀራው ቃል ነው። ዘመቻው ጦር ብቻ አልነበረም፤ ልማትም መልሶ ግንባታም በስሙ ተነግሯል። ልብ ወለዱ ግን እነዚያ ትልልቅ ቃላት አሥመራ ከተማ ውስጥ ካለው ኑሮ፣ ከፊያሜታ ፍቅርም ጋር ሲጋጩ ያሳያል። አንድነት በመፈክር እንደማይጸና በ1975 ተጽፎልናል። መጽሐፉ ታገደ፤ ደራሲው በየካቲት 1976 እንደወጣ ቀረ። እኛ ከዚያ ወዲህ መፈክሩን ቀየርን እንጂ ልማዱን አልቀየርንም።

አሁን አንቀጽ 39ን ራሱን እናንብብ። ብዙ ሰው የሚጠቅሰው ንዑስ አንቀጽ 1ን ነው፤ ሥራው ያለው ንዑስ አንቀጽ 4 ላይ ነው። የብሔረሰቡ ምክር ቤት በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይወስናል፤ የፌዴራል መንግሥት በሦስት ዓመት ውስጥ ሕዝበ ውሳኔ ያዘጋጃል፤ በአብላጫ ድምፅ ከተደገፈ ሥልጣን ይተላለፋል፤ የንብረት ክፍፍል በሕግ በሚወሰነው መሠረት ይደረጋል። በቃ። ዕዳው፣ ዜግነቱ፣ ወንዙ፣ ከመስመሩ ወዲያ ማዶ የቀረው ሰው አንቀጹ ውስጥ የሉም። ከኤርትራ ሕዝበ ውሳኔ ሁለት ዓመት እንኳ ሳይሞላ ኅዳር 29 ቀን 1987 የጸደቀ ሕገ መንግሥት ያንኑ ቀዳዳ ይዞ ወጣ።

እንግሊዞችም በዚህ አልዳኑም። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2016 ከአውሮፓ ኅብረት እንቆይ ወይስ እንውጣ ተብለው ተጠየቁ፤ 51.9 በመቶው እንውጣ አለ። የኅብረቱ ውል አንቀጽ 50 ለድርድር ሁለት ዓመት ይሰጣል። ያም አልበቃ ብሎ የወጡት በጥር 2020 ነው፤ ዋናው ቋጠሮም በሰሜን አየርላንድ ያለው ድንበር ነበር። ልዩነቱ እነሱ ዝርዝሩን ጠረጴዛ ላይ ተጨቃጨቁበት፤ እኛ ምሽግ ውስጥ።

ዝርዝር ማውራት መገንጠልን ማለማመድ ነው የሚሉኝ አሉ። አይመስለኝም። ሽማግሌዎቻችን በሬና ጤፍ መቁጠር ሲጀምሩ «እስቲ ቆይ» የሚል ባል ወይም ሚስት አይጠፋም፤ የሚለያዩትንም ቢሆን ሳይጋደሉ ይለያያቸዋል። ስለዚህ በሚቀጥለው ክርክር ላይ «እንውጣ» ለሚለውም «ማንም አይወጣም» ለሚለውም አንድ ጥያቄ ይበቃል፦ ዝርዝርህን አሳየኝ። የሚወጣው ገንዘቡን፣ ድንበሩንና ማዶ የሚቀረውን ሰው ይንገረን። የሚያስቀረው ደግሞ ሰዉ ወዶ የሚቆይበትን ምክንያት በተራ ቁጥር ይጻፍልን።