«ጋለ» እና «ተቃጠለ»፦ ስለ ላፕቶፕ ግራፊክስ ካርድ ብልሽት ፍለጋ የአማርኛ ቃላት ምን ይላሉ?

የሙያ ቃላት ስያሜ በተነሣ ቁጥር ክርክሩ ዘወትር የሚያዘነብለው ወደ አንድ ጥያቄ ነው፤ ይኸውም ባዕዱን ቃል እንዳለ እንቀበለው ወይስ በራሳችን ቃል እንተካው የሚለው ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ከእርሱ የማያንስ ሌላ ጥያቄ ይጋርዳል፤ የተመረጠው ቃል አንባቢውን ምን እንዲያደርግ ይመራዋል? በመዝገበ ቃላት ገጽ ላይ ሁለት አቻዎች እኩል ተስማሚ ሊመስሉ ይችላሉ። ካቻቢቴ በእጁ ይዞ ለሚያነብ ሰው ግን አንደኛው ዕቃውን ሊያድንለት፣ ሁለተኛው ሊያጠፋበት ይችላል።

ይህን ለማሳየት የመረጥነው ርእስ ጠባብ ነው። ብዙ ዓመት ያገለገለ የጨዋታ ላፕቶፕ ግራፊክስ ካርዱ ከልክ በላይ ሲግል ምክንያቱ የሚፈለግበትን መንገድ፣ ይህም ፍለጋ በአማርኛ ሲነገርም ሆነ ከእንግሊዝኛ ሲተረጐም የሚያገለግሉትን ቃላት እንመረምራለን። ርእሱ ጠባብ ቢሆንም ጉዳቱ ቀላል አይደለም፤ አዲስ ለመግዛት አቅም ለሌለው ሰው አሮጌው ላፕቶፕ መጫወቻው ብቻ ሳይሆን መማሪያውና መሥሪያውም ነውና።

የሁለት ቃላት ሸክም

በጥገና ቤት በብዛት የሚሰሙት ቃላት ሁለት ናቸው፤ «ጋለ» እና «ተቃጠለ»። ባለቤቱ «ይግላል» ብሎ ያመጣዋል፤ «ካርዱ ተቃጥሏል» ተብሎ ይመለስለታል። የመጀመሪያው አቤቱታ ነው፤ ሁለተኛው ፍርድ ነው። በሁለቱ መካከል ሊደረግ የሚገባው ምርመራ የታወቀ ስም የለውም፤ ስም ስለሌለውም ብዙ ጊዜ ሳይደረግ ይቀራል።

ይህ የሆነው አማርኛ በሙቀት ቃላት ድኻ ስለሆነ አይደለም። ለብ አለ፣ ሞቀ፣ ጋለ፣ ፋመ፣ ነደደ እያለ ደረጃውን ይለያል። እንጀራ ጋጋሪ «ምጣዱ ሰማ» ስትልም ምጣዱ ለሥራው የሚበቃውን ሙቀት አገኘ ማለቷ እንጂ ከልክ አለፈ ማለቷ አይደለም። ስለዚህ ለሥራ የሚያስፈልገውን ሙቀት ከሚጐዳው መለየት ለቋንቋው እንግዳ ነገር አይደለም። የግራፊክስ ቺፕም እንዲሁ ነው፤ ከባድ ጨዋታ በሚካሄድበት ጊዜ 75 ወይም 80 ዲግሪ ሴልሲየስ ማሳየቱ በላፕቶፕ ዘንድ የተለመደ እንጂ የብልሽት ምልክት አይደለም። «ጋለ» የሚለው ቃል የእጅን ስሜት ይነግረናል፤ ልኬቱን ግን አይነግረንም።

በትምህርት ቤት መጻሕፍት «ሙቀት» እና «መጠነ ሙቀት» ተለይተው የሚሰጡት ለዚሁ ነው። ሙቀት ቺፑ ኤሌክትሪክ ሲጠቀም የሚያመነጨው ኃይል ነው፤ መጠነ ሙቀት ደግሞ በመለኪያ የሚነበበው ዲግሪ ነው። አሮጌ ላፕቶፕ ያንኑ ጨዋታ ሲያጫውት የሚያመነጨው ሙቀት አዲስ ሳለ ከሚያመነጨው እምብዛም አይለይም። የተለወጠው የሙቀቱ መውጫ ነው፤ መውጫው ሲጠብ መጠነ ሙቀቱ ያድጋል። ሁለቱን ቃላት የቀላቀለ ትርጕም ጥፋቱን ከመውጫው አንሥቶ በቺፑ ላይ ይጥላል፤ «ተቃጥሏል» ለሚለው ፍርድም መንገድ ይጠርጋል።

«ማነቅ» ወይስ «ማርገብ»?

መጠነ ሙቀቱ ከተወሰነለት ጣሪያ ሲደርስ ቺፑ በራሱ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ሥዕሉም ይንቀራፈፋል። እንግሊዝኛው ይህን የሚጠራበት ቃል ከማነቅ ጋር የተዛመደ በመሆኑ አንዳንድ ተርጓሚ «ቺፑ ታነቀ» ይላል። በአማርኛ ግን ማነቅ ከሌላ ወገን የሚመጣ ጥቃት ነው፤ የታነቀ ነገር አናቂ አለው፤ አናቂውንም ማስለቀቅ ይገባል። ይህን ያነበበ ሰው መከላከያውን እንደ ጠላት ቈጥሮ ሊያሰናክለው ይነሣል።

በእኛ አስተያየት የተሻለው «ፍጥነት ማርገብ» ነው። የተወጠረ ገመድ ሲላላ ይረግባል፤ ጠብም ሲበርድ ረገበ ይባላል። የረገበ ነገር አልጠፋም፤ ተመልሶ ሊወጠር ይችላል። ቃሉ ራሱ የምርመራውን ሥርዓት ይጠቁማል። ፍጥነቱ መጠነ ሙቀቱ ከጣሪያው ሲደርስ ረግቦ፣ ሲቀዘቅዝ ከተመለሰ ቺፑ ደኅና ነው፤ የሚመረመረው የሙቀቱ መውጫ ነው። ቺፑ ቀዝቃዛ ሳለ የሚንቀራፈፍ ከሆነ ግን ምክንያቱ ሌላ ዘንድ ይፈለጋል፤ ለምሳሌ በቂ ኃይል በማይሰጥ ቻርጀር ወይም በማይስማማ ፕሮግራም።

የሙቀቱ መንገድ

ሙቀቱ ከቺፑ ተነሥቶ በፔስቱ በኩል ወደ መዳብ ሳሕን፣ ከዚያም በቱቦ ወደ ስስ የብረት ቅጠሎች፣ በመጨረሻም ማራገቢያው ወደሚነዳው አየር ይሻገራል። ብልሽት ፍለጋ ማለት ይህን መንገድ ተከትሎ የት ላይ እንደተዘጋ መጠየቅ ነው። እያንዳንዱ ምዕራፍ ትክክለኛ ስም ያስፈልገዋል።

«ማጣበቂያ»። በቺፑና በመዳቡ መካከል የሚቀባው ነገር በዚህ ስም ሲጠራ ይሰማል። የማጣበቂያ ባሕርይ በበዛ ቍጥር መጽናቱ ነው፤ ስለዚህ አንባቢው ያበዛዋል። የፔስቱ ተግባር ግን ማጣበቅ አይደለም። ሁለቱ ገጾች ለዓይን ልሙጥ ቢመስሉም በመካከላቸው ጥቃቅን ክፍተቶች አሉ፤ በክፍተቶቹ የሚገባው አየር ሙቀትን በጣም ደካማ ሆኖ ያሳልፋል። ፔስቱ አየሩን ያስወጣል። እርሱ ራሱ ከአየር ቢሻልም ከመዳብ እጅግ ያነሰ አሻጋሪ ነውና ሊሳሳ ይገባዋል። ከዓመታት በኋላ ሲደርቅ ወይም ከቦታው ሲሸሽ አየሩ ይመለሳል። እዚህ ላይ «ፔስት» የሚለውን ውሰት ቃል እንዳለ መያዝ፣ ካስፈለገም «ሙቀት አሻጋሪ ፔስት» ማለት ይሻላል።

«ሙቀት መስመጫ»። ይህ የእንግሊዝኛው ቀጥተኛ ግልባጭ ነው። በአማርኛ የሰመጠ ነገር እዚያው ይቀራል። ብረቱ ሙቀቱን ውጦ የሚያስቀር ከሆነ ደግሞ በቅጠሎቹ መካከል አቧራ ቢሞላ ምን ይጐዳል? አቧራው በብዛት የሚከማቸው በማራገቢያውና በቅጠሎቹ መጋጠሚያ ላይ ነው፤ እንደ ብጥሌ ድር ተነጥፎ ከውጭ አይታይም። «ሙቀት በታኝ» ብንለው ስሙ ራሱ መበተኛውን እንድንመለከት ያሳስበናል።

«የሙቀት ቱቦ»። ስሙ ሐሰት ባይሆንም ጐደሎ ነው። በቱቦው ውስጥ ጥቂት ፈሳሽ ታሽጓል፤ በጋለው ጫፍ ይተናል፣ በቀዘቀዘው ጫፍ ፈሳሽ ሆኖ በውስጠኛው ስስ ሽፋን በኩል ይመለሳል። ለማጽዳት ብሎ ያጠፈው ወይም የበሳው ሰው ይህን መመላለስ ያቋርጣል። «ሙቀት አመላላሽ ቱቦ» የሚለው ሥራውንም ጥንቃቄውንም ይናገራል።

«ንጹሕ አየር»። አየር በደንብ እንዲመላለስ የሚያዘው ትእዛዝ አንዳንድ ጊዜ «ንጹሕ አየር ባለበት ስፍራ ይጠቀሙ» ተብሎ ይተረጐማል። መሣሪያው የሚሻው ግን ከንጽሕናው ይልቅ የአየሩን ብዛትና ፍሰት ነው። ንጹሕ አየር በሞላበት ክፍል ብርድ ልብስ ላይ የተቀመጠ ላፕቶፕ መተንፈሻው ተዘግቷል። ነገሩ ለእኛ ይበልጥ ያሳስባል፤ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ በሆነው በአዲስ አበባ ከፍታ አየሩ በግምት አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ በመሆኑ በዚያው የማራገቢያ ፍጥነት የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል። ስለዚህ «አየር በነጻ በሚመላለስበት ስፍራ» ብሎ መተርጐም ይገባል።

ስም የጐዳው ጥገና

ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረን እ.ኤ.አ. በ2008 የሆነው ነው። በዚያ ዓመት በሐምሌ ወር ኤንቪዲያ ለአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ተቈጣጣሪ መሥሪያ ቤት ባቀረበው መግለጫ በአንዳንድ የላፕቶፕ ቺፖቹ ማሸጊያ ቁስ ደካማነት የተነሣ ለጥገናና ለምትክ ከ150 እስከ 200 ሚሊዮን ዶላር እንደሚመድብ አስታወቀ። በጊዜው በጨዋታ ላፕቶፖች የተለመደው ጂፎርስ 8600ኤም ጂቲ በችግሩ ከሚታወቁት አንዱ ነው። ዴል በበኩሉ የማራገቢያውን አሠራር የሚለውጥ ፕሮግራም ሲያወጣ ምክንያቱን የገለጸው በመጠነ ሙቀት መለዋወጥ ነበር።

እዚህ ላይ ቃሉን ልብ ይሏል። የተባለው ከልክ ያለፈ ግለት ሳይሆን መለዋወጥ ነው። ቺፑ ሲሞቅ ይለጠጣል፣ ሲቀዘቅዝ ይኰማተራል፤ በውስጡ ያሉት ጥቃቅን ማያያዣዎች ከብዙ ምልልስ በኋላ ይሰነጠቃሉ። በሕዝቡ አንደበት ግን ነገሩ ሁሉ «ጋለ» ተባለ፤ በእንግሊዝኛውም ቢሆን የሆነው ይኸው ነው። ከዚህ የተነሣ ቦርዱን በወጥ ቤት ምድጃ ውስጥ 200 ዲግሪ ሴልሲየስ አካባቢ ማሞቅ በየአገሩ ተዛመተ፤ ስሙም ብየዳውን እንደገና ማቅለጥ ነበር። ስሙ ትክክል አልነበረም። እርሳስ አልባው ብየዳ የሚቀልጠው ከ217 ዲግሪ ገደማ ጀምሮ ነው፤ በቺፑ ውስጥ ያሉት ብዙ እርሳስ ያለባቸው ማያያዣዎች ደግሞ ከዚያም እጅግ ከፍ ያለ ይሻሉ። በምድጃው ውስጥ ምንም ያልቀለጠ ሆኖ ሳለ የተሰነጠቀው ለጊዜው ይነካካና ሥዕሉ ይመለሳል፤ ከጥቂት ቀን ወይም ሳምንት በኋላ ይጠፋል። «እንደገና ማቅለጥ» የሚለው ስም የጊዜውን ማስታገሻ ፈውስ አስመስሎታል።

«ካርድ» የሚለውም ቃል በዚሁ ረገድ ይተቻል። በጥቂት አሮጌ የጨዋታ ላፕቶፖች ግራፊክሱ በእርግጥ ተነቃይ ቦርድ ነው። በአብዛኞቹ ግን ቺፑ ከማዘርቦርዱ ጋር የተበየደ ነው። «ካርዱን ይቀይሩ» የሚለው ምክር ለዴስክቶፕ ባለቤት መፍትሔ ሲሆን ለላፕቶፕ ባለቤት ግን የማይፈጸም ትእዛዝ ነው። ተርጓሚው «ግራፊክስ ቺፕ» እና «ግራፊክስ ካርድ» ለይቶ መጻፍ ይኖርበታል።

ማጠቃለያ

ከዚህ ሁሉ የምንደርስበት ፍሬ ነገር ያልተገባ ያገር ቃል ከባዕድ ቃል ይከፋል የሚል ነው። «ፔስት»፣ «ቺፕ»፣ «ግራፊክስ» ለማያውቃቸው ሰው ዝግ ናቸው፤ ዝግ በመሆናቸውም እንዲጠይቅ ያደርጉታል። «ማጣበቂያ»፣ «መስመጫ»፣ «ታነቀ» ግን ግልጽ መስለው ስለሚቀርቡት አይጠይቅም፤ የገባው መስሎት እጁን ይሰነዝራል። ስለዚህ የሙያ ስያሜ ከባዕዱ ቃል ቅርጽ ሳይሆን ከዕቃው ተግባር ይነሣ፤ ተግባሩን የሚገልጽ ቃል እስኪገኝም ውሰቱ በቦታው ይቈይ።

እንግዲህ ለውይይት የምናቀርባቸው «ሙቀት» እና «መጠነ ሙቀት» ሳይቀላቀሉ፣ «ፍጥነት ማርገብ»፣ «ሙቀት አሻጋሪ ፔስት»፣ «ሙቀት አመላላሽ ቱቦ»፣ «ሙቀት በታኝ» እና «የመጠነ ሙቀት መለዋወጥ» ናቸው። ለመላው ሥራም «ችግር መፍቻ» ከሚለው ይልቅ «ብልሽት ፍለጋ» የሚለውን እንመርጣለን፤ መፍታት የሚመጣው ከመፈለግ በኋላ ነውና። «ተቃጠለ» የሚለውም ቃል አይሰረዝ፤ ቦታው ግን ከፍለጋው መጨረሻ ላይ ነው። አቧራው ተጠርጎ፣ ፔስቱ ታድሶ፣ ዲግሪው ተነብቦ ቺፑ አሁንም ሥዕል ካልሰጠ በዚያን ጊዜ ይነገር።