ከእሳት የሚተርፉት ሁለቱ

ለስፔኗ ቫሌንሲያ የፋያስ በዓል የሚሠሩት ኒኖት የተባሉ ቅርጾች ዕድሜያቸው አጭር ነው። አፍንጫው የተጋነነ ፖለቲከኛ፣ ጉንጩ የቀላ ሕፃን፣ ሁሉም እስከ ጥፍሩ ድረስ በደማቅ ቀለም ተቀብቶ በቅዱስ ዮሴፍ ዕለት፣ ማርች 19 ሌሊት፣ አደባባይ ላይ ይቃጠላል።

ከዚያ በፊት ግን ዐውደ ርእይ አለ።

የየሰፈሩ ማኅበር ምርጡን ያቀርባል፤ ሕዝቡ ተዘዋውሮ አይቶ ድምፅ ይሰጣል። ከትልልቆቹ አንዱ፣ ለልጆች ከተሠሩትም አንዱ ምሕረት አግኝተው ሙዚየም ይገባሉ። ልማዱ የተጀመረው በ1934 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ መጀመሪያ የተረፈው ቪሴንቴ ቤኔዲቶ የሠራው የአንዲት አያትና የልጅ ልጇ ቅርጽ ነው። ለወራት የተለፋበት ጥበብ ዕጣው በተራ ተመልካች እጅ መውደቁ እጅግ ያስደንቃል። ዩኔስኮም በዓሉን በ2016 እ.ኤ.አ. በማይዳሰስ ቅርስነት መዝግቦታል።