እንሰት የሚያበስለው ጉድጓድ

እ.ኤ.አ. በ2000 በአትላንቲክ ውቅያኖስ ወለል ላይ «የጠፋችው ከተማ» የተባለ የፍልውሃ ስፍራ ተገኘ። እዚያ ከምድር ቅርፊት በታች ያለው የማንትል ዐለት ከባሕር ውኃ ጋር ሲዋሐድ ሃይድሮጅን ይወጣል፤ ደቂቅ ሕዋሳትም ያለ ፀሐይ በሱ ይኖራሉ። እጅግ ያስደንቃል! የሆሳዕናና የዱራሜ እናቶች ግን እንሰት ሲያበስሉ ያለ ፀሐይ ከሚኖሩ ሕዋሳት ጋር ከጥንት ጀምሮ ይሠራሉ።

የተፋቀው እንሰት ቅጠል በተነጠፈበት ጉድጓድ ይገባል፤ እርሾ ይጨመርበታል፤ በቅጠል ተሸፍኖ ድንጋይ ይጫነዋል። አየር ሲያጥረው ላክቲክ አሲድ አምጪ ባክቴሪያዎች ይበረታሉ፤ አሲዱ አበላሾቹን ይገታል። በደጋው ብርድ ብስለቱ ይዘገያል። ባለሙያዋ ከፈት አድርጋ ታሸታለች፣ በጣቷ ትፈትጋለች፣ መልሳ ትከድናለች። ከእንሰቱ የሚገኘው ምግብ፣ ቆጮ፣ እንዲህ ሆኖ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ይቆያል። የዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሆይ፣ ይህን ሙያ ከእናቶቻችሁ ጠይቃችሁ ጻፉት።